የእትዬ ቆይ ባክቴሪያ

ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እናትና አባቷ ያወጡላት ሌላ ስም ነበራት፤ በተቋማችን ግቢ ግን ያንን ስም የሚያውቀው መታወቂያ ካርዷ ብቻ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ማንም ሰው፣ ተማሪም ይሁን ዶክተር፣ ባክቴሪያ የተዘራበትን ክብ ሳህን አንስቶ ወደ መጣያው ሲያመራ ካየች «ቆይ!» ትላለች። «ባዶ ነው እኮ፣ ምንም አልበቀለበትም» ይሏታል። «ባዶ አይደለም። እንግዳው ገና መንገድ ላይ ነው። ቆይ» ትላለች። አንድ ቀን ጓንት ልትወስድ እኔ ዘንድ ስትመጣ «እትዬ ቆይ፣ ዛሬስ ማንን አስቆምሽ?» አልኳት። ሳቀች። በዚያው ቀረ።

እኔ የተቋሙ የእቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ጠርሙሱም፣ አልኮሉም፣ አምፖሉም ከእኔ እጅ ነው የሚወጣው። ስለ ባክቴሪያ የማውቀው እሷ የነገረችኝን ያህል ነው፤ ኋላ ላይ ደግሞ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስለዋለች ብዙ ነግራኛለች።

የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ብርጭቆ አጣቢ ሆና። አናጺ የነበረው ታላቅ ወንድሟ የላቦራቶሪውን መደርደሪያዎች ሲሠራ ኃላፊውን ለምኖ አስገባት። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «ጋሼ» ነበር የምትለው። ብርጭቆ እያጠበች፣ ዓይኗ ግን የሚሠሩት ሰዎች እጅ ላይ ነበር። የማታ ትምህርት ተምራ፣ ወረቀቷን ይዛ፣ በሰባተኛው ዓመት ቴክኒሻን ሆነች። ከእሷ እጅ የወጣ ሳህን ላይ ያለው፣ ባክቴሪያው የሚበቅልበት የረጋ ምግብ ለጥ ያለ ነው፤ አረፋ የለው፣ ጉብታ የለው። አንዳንዱን ባክቴሪያ ገና ክዳኑ ሳይነሳ በጠረኑ ትለየው ነበር። ተማሪዎቹ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ሲጨነቁ እሷ በአጠገባቸው ስታልፍ «ይሄ ከእጃችሁ ቆዳ የመጣ ነው፤ ጣሉትና እንደገና ጀምሩ» ትላቸዋለች። ያን ጊዜ ብቻ «ቆይ» አትልም።

ባሏ ልጃቸው አራት ዓመት ሲሞላት ሌላ ቤት ሠርቶ ሄደ። እትዬ ቆይም ልጇን፣ ወንድሟንና ሳህኖቿን ይዛ ቀረች።

ጋሼ ጉልበቱን መታመም ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ተንበርክኮ ወለል ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው። ከከተማው በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ፍል ውሃ አለ ሲሏት ይዛው ሄደች። እሱ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ እግሩን ሲዘፈዝፍ፣ እሷ ውሃው ከሚፈልቅበት ድንጋይ ሥር ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ስትፋፍቅ አያት። ሌላ ሴት የፊት ቅባት በምትይዝበት የቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ንጹሕ ብልቃጥ ነበረቻት።

«እኔ ለጉልበቴ መጣሁ፤ አንቺ ለአተላ ነው እንዴ የመጣሽው?» አላት።

«አንተን የሚያድንህ ይሄ ውሃ ከሆነ፣ ውስጡ ማን እንደሚሠራ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ካወቅሽው ሰላም በይልኝ» አለ ጋሼ።

ያቺን ብልቃጥ ይዛ መጥታ በሳህን ላይ ዘራች። ፍል ውሃው የሚያቃጥል ስለነበር እኛ ምድጃው የምንለውን ኢንኩቤተር ሃምሳ አምስት ዲግሪ ላይ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን አንድ ነጭ ባክቴሪያ እንደ ፈሰሰ ወተት ሳህኑን ሞላው። እሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሙቅ ነገር ባለበት የማይጠፋ ነው። ላቦራቶሪውን የሚመራው ዶክተር አይቶ «በይ ምድጃውን ባዶ አድርጊው፣ ተማሪዎች እየጠበቁ ነው» አላት። «ይቆይ» አለች። በዚያ ሙቀት ሳህን ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሳህኖቹን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከረጠበ ጥጥ ጋር አስገብታ ጥጉ ላይ ደበቀቻቸው። ምግቡንም አሥር እጅ አቅጥና፣ በተራ ውሃ ፈንታ ፍል ውሃውን ራሱን አጣርታ ሠራችው። በሃያ ሦስተኛው ቀን ከነጩ ራቅ ብሎ፣ ከጨው ቅንጣት የማይበልጥ፣ የበሰለ ፓፓያ የመሰለ ነጥብ አየች።

«ጥጋብ ነበር የሚገድለው» አለችኝ በኋላ። «ሌሎቹ ምግብ ሲያዩ ይፋፋሉ፤ ይሄኛው ስታጠግበው ይሞታል። ድኻ አደግ ነው፣ እንደ እኔ።»

ያንን ነጥብ ከነጩ ለመለየት አራት ወር ፈጀባት። በሽቦ ጫፍ ትነካዋለች፣ አዲስ ሳህን ላይ ትጭረዋለች፣ ሃያ ቀን ትጠብቃለች፤ ነጩ እንደገና ተከትሎት ይመጣል። እንደገና ትጭራለች። በመጨረሻ ብቻውን ቆመ። ከዚያ በኋላ ማንነቱን የማወቅ ሥራ መጣ። በስንት ዲግሪ ይጀምራል፣ በስንት ያቆማል? ጨው ምን ያህል ይችላል? የትኛውን ስኳር ይበላል፣ የትኛውን ይተፋል? አየር ሲያጣ ምን ይሆናል? ቀለም ሲቀባ ሐምራዊውን ይይዛል ወይስ ይለቃል? ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ እየደጋገመች፣ በትልልቅ ፊደሏ በአራት ደብተር ጻፈችው። ውሃው ሲያልቅባት በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እየተነሳች በጀሪካን ትቀዳ ነበር። ሁለት ዓመት። ልጇ አብራት ስትሄድ መንገድ ላይ ደብተሩን ታነባለች አሉ፤ ሌላው ልጅ ልብ ወለድ በሚያነብበት ዕድሜ።

ዶክተሩ ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ትጉ ነበር፣ ሰላምታ አያጓድልም፣ ተማሪ አይሰድብም። ደካማ ነበር እንጂ። ሥራውን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ የባክቴሪያውን ዘረመል እንዲያነቡለት ባሕር ማዶ ላለ ላቦራቶሪ ላከ። መልሱ ሲመጣ ኮሪደሩን እየሮጠ ነው ያቋረጠው። እኔ መጥረጊያ እያደልኩ በር ላይ ነበርኩ። ገብቶ አቀፋት።

«አዲስ ነው! አዲስ ዝርያ ብቻ አይደለም፣ የቅርብ ዘመድ የለውም! ዓለም አያውቀውም! ስሙን የምታወጪው አንቺ ነሽ፤ ቃሌ ነው።»

«የሰው ስም ይሆናል?» አለች ቀስ ብላ።

«ለምን አይሆንም?»

ጋሼ ከሞተ አምስት ወሩ ነበር። እሷ ስለ ጉልበቱ ስትጨነቅ የከዳው ልቡ ነው፤ መጋዝ እንደያዘ ወደቀ። ስሙን በቁራጭ ወረቀት ጻፈችለት። ዶክተሩ መጨረሻው ላይ በላቲን ደንብ አንዲት ጭራ ጨመረባትና አነበበላት። በማግስቱ እኔ ዘንድ መጥታ ያንን ስም ከነጭራው ሦስት ጊዜ አሰማችኝ።

«አያምርም?»

«ያምራል። ጋሼ ግን ቢሰማ ባክቴሪያ አደረግሽኝ ብሎ ይቀየምሽ ነበር» አልኳት።

እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ እጇ ላይ ጓንት ነበረና።

ጽሑፉ የታተመው ከዓመት በኋላ ነው። ዶክተሩ ለሁሉም ቅጂ አደለ። እሷ የባዕድ ቋንቋውን አቀላጥፋ አታነብም፤ የወንድሟን ስም ለመፈለግ ግን ምን ቋንቋ ያስፈልጋል? ከርዕሱ ጀመረች። ርዕሱ ላይ ጭራ ያለው ስም አለ፣ የጋሼ ግን አይደለም። የተቋማችን የበላይ የሆኑት የዲኑ ስም ነው። ዲኑ በዚያ ዓመት የዶክተሩን የፕሮፌሰርነት ማመልከቻ ጠረጴዛቸው ላይ ይዘው ነበር። በጸሐፊነት ሰባት ሰው ተዘርዝሯል፤ ከሰባቱ አራቱ ባክቴሪያውን አይተውት አያውቁም። እሷ የመጨረሻው ገጽ ታች ላይ፣ ምስጋና በሚለው አንቀጽ፣ «ብርጭቆ በማጠብና በልዩ ልዩ ድጋፍ» ከሚል ሐረግ ጋር ተገኘች። የአባቷ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል።

ቅጂውን ይዛ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። ከዚያ የሆነውን ቃል በቃል ነግራኛለች፤ እንደምታውቁት የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

«ዶክተር፣ የወንድሜ ስም የት ሄደ?»

ተነስቶ በሩን ገፋ አደረገው። «እስቲ ተቀመጪ።»

«ቆሜ ልስማ።»

«ነገሩ ከእጄ ወጣ። እሳቸው ባይደግፉን ሥራው መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ሌላ ዝርያ ስናገኝ ደግሞ…»

«እሳቸው ይሄን ባክቴሪያ አይተውት ያውቃሉ?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ያስተካክል ጀመር።

«ቀለሙን ያውቃሉ?»

«አንቺ ደግሞ! ስም እኮ ነው። ሳይንሱ ያው ነው።»

«ስም ብቻ ከሆነ ታዲያ ለምን ለእሳቸው ሰጡት?»

«አሁን ምንም ማድረግ አይቻልም» አለ ወረቀቱን እያየ። «ስም አንዴ ከታተመ ለዘላለም ነው። ዓለም አቀፍ ሕግ ነው።»

እኔ ደግሞ ያን ዕለት ላጽናናት ብዬ ሞኝ ቀልድ ቀለድኩ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የጋሼ ግን እዚያው ታች ዋለ» አልኳት። አልሳቀችም። እኔንም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚህ የባሰ የማፍርበት ነገርም አለ። ከወር በኋላ የዲኑ ጸሐፊ ጠራችኝና «ግምጃ ቤቱ ረዳት ያስፈልገዋል ብለህ ጻፍ» አለችኝ። ረዳት ጠይቄ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ እትዬ ቆይ ስለ ስሙ ኮሪደሩ ላይ ጮክ ብላ እንደተናገረች ሁሉም ሰምቷል። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በሳምንቱ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ነጭ ጋወኗን አጣጥፋ በላስቲክ ከረጢት ይዛዋለች።

«የት ልቀመጥ?» አለችኝ።

ወንበሬን ለቀቅኩላት። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ መሆኔን የነገርኳት ከዓመት በኋላ ነው። «አውቃለሁ፤ የእጅ ጽሑፍህን አላውቀውም?» አለችና ካርቶን መቁጠሯን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በእሷ ቦታ የገባው ቴክኒሻን ዲግሪ ያለው፣ ኮምፒዩተር የሚያዝ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ዓርብ ምድጃውን አጸዳ፤ ቆርቆሮው ከነሳህኖቹ ተጣለ። «ቆይ» የሚለው ማን አለና። ቀሪው በጥልቅ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር፤ ያም ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት ስድስት ቀን ሲጠፋ ቀልጦ ተበላሸ። አዲስ ዝርያ ሲመዘገብ ሕያው ናሙናው በሁለት የተለያዩ አገሮች ማከማቻ መቀመጥ ስላለበት ጨርሶ አልጠፋም። ዶክተሩ፣ አሁን ፕሮፌሰር፣ ከአንደኛው አስላከ። በደረቅ ዱቄት መልክ፣ በታሸገች ብልቃጥ መጣ። ግን አልነሳ አለ። አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ። ጽሑፉ ላይ ስለ ረጠበው ጥጥ፣ ስለ ቆርቆሮው አንድም ቃል የለም፤ ማንም አልጠየቃትማ። የውጭ አገር እንግዶች ባክቴሪያውን ሊጎበኙ ሰባት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ራሱ ወደ ግምጃ ቤቱ ወረደ። ካርቶኖቹ መሐል ቆሞ መነጽሩን ይጠርጋል።

«እትዬ፣ አልነሳ አለን» አላት።

እኔ በዓይኔ «ተያቸው፣ ይበላቸው!» አልኳት። ሳታየኝ ቀርታ አይደለም።

«ምግቡን በምን ውሃ ሠራችሁት?» አለችው።

እሱ ከወጣ በኋላ ጮህኩባት። «እጅሽ አመድ አፋሽ መሆኑን እያወቅሽ!»

«ፍጥረቱ ምን በደለኝ?» አለች። «እሱ ስሙን አያውቅ። በእሳቸው ስም ይሙት ልበል?»

እሑድ ጀሪካኗን ይዛ ፍል ውሃው ዘንድ ሄደች። ቦታው ታጥሯል። ሆቴል ተሠርቶ ድንጋዩ ተፈልጧል፣ ውሃው በቧንቧ ተይዞ በሰማያዊ ሸክላ ወደ ተለበጠ መዋኛ ይገባል። ዘበኛው አላስገባ አላት። በአጥሩ ጀርባ ዞራ፣ ከቱቦው ሥር እየተንጠባጠበ ከሚወጣው ቀዳች። ጭቃውንም ፋፍቃ በሦስት ብልቃጥ አመጣች፤ ያንን የፓፓያ ቀለም ልታገኝ። ነጩ ብቻ መጣ። ይህንን ለፕሮፌሰሩ ስትነግረው «እንግዲህ የእኛ የበለጠ ብርቅ ሆነ ማለት ነው» አለ፤ ደስ ብሎት።

ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ላቦራቶሪው እየወጣች፣ ምግቡን አቅጥና፣ ጥጧን አርጥባ ቆየችበት። በሃያ አራተኛው ቀን ተነሳ። እኔንም ጠርታ አሳየችኝ። እውነት ለመናገር ነጥብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እሷ ግን ሕፃን ከትኩሳት እንደተረፈላት እናት ነበር ፊቷ።

እንግዶቹ መጡ። ዲኑ ስማቸውን የተሸከመውን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጃቸው ያዙት። ለፎቶ እንዲታይ ብለው ክዳኑን ከፈቱ፣ ሳህኑን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሲያወሩ ተነፈሱበት። እትዬ ቆይ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገና «እናቴ፣ ትንሽ ወደዚያ» አላት። ወደዚያ ሄደች። ሥዕሉ ዛሬም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ዳር ላይ የአንድ ሰው ክንድ ይታያል፤ የእሷ ነው።

ፕሮፌሰሩ ወደ ላቦራቶሪ እመልስሻለሁ አላት። አልመለሳትም። ከእኔ ግምጃ ቤት ጡረታ ወጣች።

ይህን ሁሉ ችላዋለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች ነው የምለው። ያልቻለችው የልጇን ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላደረገባትም። ግምጃ ቤት በገባች በስድስተኛው ወር የልጅቷ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት መጣ፤ የፈለገችውን መምረጥ የሚያስችል ውጤት። የመጀመሪያ ምርጫዋ ላይ ባዮሎጂ ብላ ጽፋ ቅጹን ለእናቷ ሰጠቻት።

«በዚያ በር አትገቢም» አለች እትዬ ቆይ። «እኔ በሕይወት እያለሁ አትገቢም።»

«እማዬ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም እኮ።»

«ሌላ ፈልጊ።»

«አንቺን የወሰዱብሽ ስሙን ነው። እኔ የምወደው ሥራውን ነው።»

ይሄን ጊዜ ነው እትዬ ቆይ ተነስታ አራቱን ደብተሮች ከሣጥኑ ያወጣችው። ልጅቷ ፊት ይዛቸው ወጣች፤ ጥግ ላይ ላለው ባለ ሱቅ ሰጠችው። ሳሙናና ስኳር ጠቀለለበት። ልጅቷ በሳምንቱ ለሻማ ተልካ የገዛችው ሻማ በእናቷ የእጅ ጽሑፍ ተጠቅልሎ መጣ። ዘርግታ አነበበችው፣ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ቅጹን አውጥታ ባዮሎጂ የሚለውን ሰርዛ ሒሳብ አያያዝ ብላ ጻፈች።

ተመረቀች። ሩቅ ከተማ መሥሪያ ቤት ገባች። በየሁለት ሳምንቱ ትደውላለች። እኔ እሑድ እሑድ እትዬ ቆይ ዘንድ ስለምሄድ አንዳንዴ ስልኩ ሲጮህ እገኛለሁ። «ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጤናሽስ? ደግ።» ያው ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አንድ ቀን ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ «ያን ቀን አፌን ምነው ሽባ ባደረገው» አለች። «እነሱ የወሰዱት የሞተ ሰው ስም ነው። እኔ ግን የቆመች ልጅ ነው ያደረቅሁት።» ምን እላታለሁ? እንዳላጽናናት ከዚያ ቀልዴ ተምሬያለሁ።

ባለፈው ወር ልጅቷ ለሁለት ቀን መጣች። እትዬ ቆይ ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት የምትላትን ነገር ለእኔ ስትለማመድ ሰንብታለች፤ «በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ብቻ ነበር፣ ሦስት ቃል። ሁለቱንም ቀን የልጅቷን ልብስ አጠበች፣ ተኮሰች፣ የላላ ቁልፍ አጠበቀች። ልጅቷ ስለ አዲሱ አለቃዋ አወራች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣ ልሸከም ብዬ መናኸሪያ ድረስ አብሬአቸው ሄድኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ልጅቷ ደረጃው ላይ ወጥታ ዞር አለች። እትዬ ቆይ አፏን ከፈተች፤ እኔም አሁን ልትላት ነው አልኩ።

«ኮትሽን ደርቢ፤ መንገዱ ይበርዳል» አለቻት።

«እሺ እማዬ» አለች ልጅቷ፤ ገባችና ከሹፌሩ ጀርባ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሄደ።